ገዢው ምን አይቶ ይቆማል? በሰሜን ሸዋ የምግብ መኪና ለማቆም ላሰቡ

የምግብ መኪና፣ ማለትም ምግብ ውስጡ እየተሠራ የሚሸጥበት መኪና፣ ለማቆም ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ መኪናው ነው። ሚኒባስ ይሻላል ወይስ አይሱዙ፣ ቀለሙ ቀይ ይሁን ቢጫ፣ ስሙስ ማን ይባል እያለ ወራት ይፈጃል። ገዢው ግን ቀለሙንና ስሙን ከሩቅ አንዴ አይቶ ይረሳዋል። ቆሞ ለመግዛት የሚወስነው ቀረብ ብሎ በሚያየው ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ላይም ሆነ ሸዋ ሮቢት፣ ያ ውሳኔ በሁለት ጥያቄ ላይ ይንጠለጠላል፦ ምግቡ ሲሠራ ይታየኛል ወይ? እኔስ ስበላ እታያለሁ ወይ? ለመጀመሪያው "አዎ"፣ ለሁለተኛው "አይ" የሚል መልስ ይፈልጋል። አብዛኛው መኪና የሚሠራው ተገላቢጦሹን ነው። ማብሰያውን ከውስጥ ደብቆ በላተኛውን አስፋልት ዳር ያሰጣዋል።

ዋጋ፣ ጣዕም፣ ፍጥነት፣ ጾም ሁሉም ይመጣሉ። መጀመሪያ ግን እነዚህ ሁለቱ ይስተካከሉ።

ሲበላ እንዳይታይ

ተማሪ ሳንዱቹን ይዞ እየሄደ ይበላል፤ ጥግም ወንበርም አይፈልግም። ችግሩ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ገዢ ነው። መምህሩ ተማሪዎቹ በሚያልፉበት መንገድ ላይ አፉን ሞልቶ መታየት አይወድም። ከቢሮ የወጣችው ሠራተኛ ቆማ ስትጎርስ የሚያውቃት ሰው ቢያልፍ ታፍራለች። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉት ዘንድ ደግሞ መንገድ ላይ መብላት ነውር ነው፤ የሰው ዓይን የሚፈሩም ጥቂት አይደሉም። እነዚህ ሰዎች ርቧቸው፣ ሽታው ስቧቸው፣ ዋጋው ተስማምቷቸው ሳለ ያልፋሉ። ሻጩ "አልጣማቸውም" ብሎ የምግብ ዝርዝሩን ሲቀያይር ይከርማል፤ ምግቡ ግን ጥፋት የለበትም።

መፍትሔው ብዙ ወጪ የለውም። ከመኪናው ጎን ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን ቦታ በሸራ ከልሉ። የሸራው የላይኛው ጠርዝ ከመሬት 1 ሜትር ከ70 ላይ ይሁን፤ የአብዛኛው መንገደኛ ዓይን ከዚያ በታች ነው። ታችኛውን 25 ሳንቲ ሜትር ክፍት ተዉት። እንዲህ ሲሆን ከውጭ የሚታየው ጫማ ብቻ ነው። ማን እንደተቀመጠ አይታወቅም፤ ሰው እንዳለ ግን ይታወቃል። ባዶ ቦታ መጀመሪያ መግባት የሚደፍር የለም፤ አምስት ጥንድ ጫማ ያየ ሰው ግን "ይበላበታል ማለት ነው" ብሎ ይገባል። የታችኛው ክፍተት ለነፋሱም መውጫ ነው። ሸራ እስከ መሬት ሲዘጋ ነፋስ ይሞላውና ቋሚውን ይነቅለዋል። በእያንዳንዱ ቋሚ እግር ሥር አሸዋ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እሰሩ፤ ድንጋይ መደገፍ ብቻውን የደብረ ብርሃንን ነፋስ አይችልም።

ውስጡ ሁለት ሜትር ተኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ፊት ለፊት ይግቡበት፤ ስምንት ሰው ያለ መጨናነቅ ያስቀምጣሉ። መሐሉ ላይ ጠበብ ያለ ጠረጴዛ ይበቃል። በመኪናው በኩል ያለው ጎን ግን አይሸፈን። አራቱም ጎኑ ተዘግቶ የጨለመ ድንኳን ጫት መቃሚያ ወይም አረቄ ቤት ይመስላል፤ ሴቶችና ሽማግሌዎች አይጠጉትም።

ይዞ ለሚሄደው ደግሞ የሚያሳይ ፌስታል አትስጡት። ካኪ ወረቀት ይሻላል፤ ምን እንደያዘ አይታይም፣ እንፋሎቱም ስለሚወጣ ዳቦው አይረጥብም። በጋዜጣና በተጻፈበት ደብተር መጠቅለል ግን ይቅር። ቀለሙ ዘይት ሲነካው ይለቅና ምግቡ ላይ ይታተማል።

ሲሠራ እንዲታይ

ምጣዱ ወይም መጥበሻው መስኮቱ ሥር ይሁን፤ ከኋላ ግድግዳ አጠገብ አታስቀምጡት። እንቁላሉ ሲሰበር፣ ሽንኩርቱ ሲቁላላ፣ ዳቦው ሲሞቅ ገዢው ማየት አለበት። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር ከፍታ ነው። የመኪናው ወለል ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዚያ ላይ መደበኛ የኩሽና መደብ 90 ሳንቲ ሜትር ሲጨመር መጥበሻው ከገዢው ዓይን በላይ ይሆናል፤ የሚያየው የምጣዱን ቂጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ወይ ከመስኮቱ ሥር 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ የማይነቃነቅ የላሜራ መርገጫ አድርጉ፣ ወይ የመስኮቱን መደብ ዝቅ አድርጋችሁ ከውስጥ አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጣችሁ ሥሩ። የመቀበያው ጠርዝ ከገዢው እግር መቆሚያ 1 ሜትር ከ10 አካባቢ ላይ ሲሆን ዕቃ መቀበልም ማየትም ይመቻል።

መብራቱ ነጭ ይሁን። ባለቀለም መብራት ከሩቅ ያምራል፤ ከቅርብ ግን ሥጋውን አረንጓዴ፣ እንቁላሉን ሰማያዊ ያስመስለዋል።

ሽታ ከማስታወቂያ ይበልጣል። ገበያ ቀዝቀዝ ሲል አንድ እፍኝ ሽንኩርት በትንሽ ዘይት ቁሌት መጣል ጥሩ ዘዴ ነው፤ ቁሌቱ ለሽሮው ስለሚውል አይባክንም። ያደረና የጠቆረ ዘይት ግን በተቃራኒው ያባርራል። ዘይቱ መጥበሻው ውስጥ ማጨስና አረፋ መያዝ ከጀመረ፣ በማንኪያ ሲጨለፍ ደግሞ ወፈር ካለ ቀይሩት። ልብስ ላይ የሚቀረው ሽታ የሱ ነው። ከቢሮ የመጣ ሰው አንዴ ልብሱ ከሸተተው ደግሞ አይመለስም።

ገዢን ከመስኮቱ ሥር ከሚመልሱት ነገሮች ሁሉ የሚከፋው ገንዘብ የተቀበለ እጅ ዳቦ ሲያነሳ ማየት ነው። ሁለት ሰው ከሆናችሁ አንዱ ብር፣ ሌላው ምግብ ብቻ ይያዝ። ብቻውን የሚሠራ ሰው ክዳን ያለው የገንዘብ ሣጥን ከመስኮቱ ውጭ ያስቀምጥ፤ ገዢው ራሱ ይጨምር፣ መልሱንም ራሱ ያንሳ። ዳቦና ሳምቡሳ በመቆንጠጫ ብቻ ይነሳ። ጓንት አድርጎ ብርም ዳቦም መንካት ከባዶ እጅ አይሻልም፤ ገዢውም ይህንን አሳምሮ ያውቃል። ቴሌብር መቀበል እዚህ ላይ ሁለት ጥቅም አለው፦ እጅ ገንዘብ አይነካም፣ "ዝርዝር የለም" የሚባል ጣጣም ይቀራል። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ሰልፉ ስለሚቆም የጥሬ ገንዘቡ ሣጥን ዝግጁ ይሁን።

ውሃው

እንጀራ የሚያቀርብ መኪና እጅ መታጠቢያ ከሌለው ግማሽ ገዢውን ከመጀመሪያው አጥቷል። ቧንቧ የተገጠመለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 80 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ማስቀመጫ ላይ፣ ሥሩ ባልዲ፣ አጠገቡ በገመድ የተንጠለጠለ ሳሙና፦ ይኸው ነው። ቦታው መከለያው መግቢያ ላይ ይሁን፤ ታጥቦ እንዲገባ።

ከጥቅምት እስከ ጥር ደብረ ብርሃን ላይ የጠዋት ውሃ እጅ ያደነዝዛል። ገዢው ጣቱን ነክሮ ያወጣና በልቡ "ዛሬ ሻይና ዳቦ ይበቃኛል" ይላል። እንጀራው ቀረ ማለት ነው። አንድ እጅ የፈላ ውሃ በሁለት እጅ ቀዝቃዛ ብትቀላቅሉ 37 ዲግሪ አካባቢ፣ ለእጅ የሚስማማ ሙቀት ይሆናል። ለአንድ ጀሪካን ስድስት ሊትር ተኩል ገደማ የፈላ ውሃ ይበቃል። ቀዝቃዛውን ቀድማችሁ አፍስሱ፤ የፈላውን ባዶ ፕላስቲክ ላይ ከገለበጣችሁት ጀሪካኑ ይጣመማል።

የውሃ መጠኑን ሲያሰሉ ብዙዎች ያሳንሱታል። በቀን 80 ሰው ለሚያስተናግድ፦ ለእጅ መታጠቢያ በሰው ግማሽ ሊትር 40 ሊትር፣ ለሰሃን ማጠቢያ ሦስት ሳፋ 15፣ 15 ሊትር ሆኖ አንዴ ሲቀየር 90 ሊትር፣ ለሻይና ለማብሰያ 40 ሊትር። ድምሩ 170 ሊትር፣ ማለትም ዘጠኝ ጀሪካን ይሆናል። ክብደቱ 170 ኪሎ ስለሆነ በአንድ ጎን አትደርድሩት፤ ከጎማዎቹ መሐል፣ ግራና ቀኝ አመጣጥኑት። ሳፋዎቹ በተራ ለሳሙና፣ ለንጹሕ ውሃና ለበረኪና ናቸው። 5 በመቶ የሆነ በረኪና ከሆነ ለ5 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ፤ ሰሃኑ ሁለት ደቂቃ ይቆይበት። ከዚያ ዘቅዝቃችሁ በነፋስ አድርቁት። በጨርቅ መወልወል የታጠበውን መልሶ ማቆሸሽ ነው፤ ያ ጨርቅ ደግሞ ከመስኮቱ ይታያል። የቆሸሸው ውሃ አስፋልት ላይ አይደፋ። ጎረቤት የሚያማርረው፣ ዝንብም የሚሰበስበው እሱ ነው።

ጾምና ፍስክ

ይህ ክፍል ረዘም ይላል፤ በዚህ አካባቢ ከዋጋ በላይ ገዢን የሚያመጣውም የሚያስቀረውም ይህ ስለሆነ።

ረቡዕና ዓርብ በሙሉ፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ የገና ጾም፣ በነሐሴ ፍልሰታ፣ በየመሐሉም የነነዌና የሐዋርያት ጾም አሉ። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብም ይፈሰካል። ይህን ረስቶ በበዓለ ሃምሳ ረቡዕ ሽሮ ብቻ ይዞ የወጣ ሻጭ ሰው ጎረቤቱ ጋ ጥብስ ሲበላ ያያል። ገናና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ሲውሉም እንዲሁ ነው። የዓመቱን የአጽዋማት ሰሌዳ መኪናው ውስጥ ለጥፉ።

ጿሚው የሚጠይቀው "የጾም አላችሁ?" ብሎ ነው፤ በዓይኑ የሚመረምረው ግን መጥበሻውን ነው። እንቁላል የተጠበሰበት ላይ ድንች ሲጠበስ ካየ ምንም አይናገርም፤ ብቻ ይሄዳል። ስለዚህ መጥበሻ፣ ቢላዋ፣ መክተፊያ፣ ጭልፋና ዘይት ሁሉም ሁለት ሁለት ይሁኑ። የጾሙ እጀታ በአረንጓዴ ፕላስተር ይጠቅለል፣ ከመስኮቱም ይታይ። የጾም ዕቃ በቀኝ፣ የፍስክ በግራ ብላችሁ ቦታም ለዩ። ቅቤ የነካ ማንኪያ ሽሮ ውስጥ የሚገባው ሁልጊዜ በችኮላ ሰዓት ነው፤ ችኮላን የሚከላከለው ቦታ መለየት ብቻ ነው። ማኪያቶ የሚሸጥበት መኪና የወተት ማፍሊያው አፍ ሻይ ማንቆርቆሪያው ላይ እንዳይንጠባጠብ ይጠንቀቅ። ዓሣ ላይ ደግሞ ሰው አንድ ሐሳብ የለውም። በጾም ዓሣ የምታቀርቡ ከሆነ የራሱ መጥበሻ ይኑረው፤ ከጾሙ ዘይት ጋር አይገናኝ።

በዐቢይ ጾም ሁለቱንም ልያዝ ማለት ኪሳራ ነው። ሥጋው ሳይሸጥ ያድራል፣ የሥጋው ሽታ ጿሚውን ያርቃል። ደብረ ብርሃን ላይ የሚሻለው በጾም ወቅት "የጾም ብቻ" ብሎ በትልቁ መጻፍ ነው። ሰዓቱም ይለወጣል። እስከ ስድስት ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ብዙ ስለሆነ የጠዋቱ ገበያ ይሞትና ከቅዳሴ መውጫ በኋላ ባንዴ ይመጣል። በዚያን ጊዜ ለመጥበስ መጀመር አይቻልም፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑና ድንቹ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ተዘጋጅተው መጠበቅ አለባቸው።

ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን ነው የሚኖረው፤ ሥጋ ግን በአንድ ድስት አይበላም። አንድ መኪና ሁለቱንም ልመግብ ካለ ሥጋን ጭራሽ ቢተወው ይሻላል። እንቁላል፣ ፉል፣ ሽሮ፣ ድንች፣ የምስር ሳምቡሳ ማንንም አያስቀይምም። ሥጋ የግድ ከሆነ ደግሞ የማን እንደሆነ በግልጽ ተጽፎ ከአንዱ ወገን ጋር መቆየት ነው፤ ደብቆ ለሁለቱም መሸጥ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይታወቃል። በረመዳን ቀኑን ዘግታችሁ ከማፍጠሪያው አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ክፈቱ፤ ሾርባና ሳምቡሳ ተጠቅልሎ ለቤት የሚሄድበት ሰዓት ነው።

ሸንኮራ ዮሐንስና ጻድቃኔ ማርያም አካባቢ ለጠበል ተጓዥ ለመሸጥ የምታስቡ፣ ሥጋም መጠጥም አትያዙ። እዚያ የሚሸጠው ቆሎ፣ በሶ፣ ደረቅ ዳቦ፣ ሻይና ውሃ ነው።

ብርዱና ከፍታው

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2800 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር አካባቢ ስለሆነች እዚያ ወደ 96 ይጠጋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ባቄላና ድንች ላይ ግን በደንብ ይታወቃል። እሳት ቢጨመር ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ለፉል ባቄላውን ሌሊቱን ለ12 ሰዓት ያህል ዘፍዝፋችሁ ቤት ውስጥ በፕሬዠር ቀቅሉ፤ መኪናው ላይ ማሞቅና መደቆስ ብቻ ይሠራ። ከቆላ የመጣ አብሳይ ፓስታውን በለመደው ደቂቃ አውጥቶ ጥሬ የሚያቀርበው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘይቱ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የሚረጋው የፓልም ዘይት ርካሽ ነው፤ ግን በብርድ የተጠበሰው ነገር ሲቀዘቅዝ ሳምቡሳው ላይ ነጭ ሞራ ይሠራል፣ ገዢው ሲበላ ላንቃው ላይ ይጣበቃል። "ዘይቱ መጥፎ ነው" ብሎ ያማል እንጂ ብርዱን አያማም። ለደጋው የሱፍ ወይም ሌላ የማይረጋ ዘይት ይዋል። ሸዋ ሮቢት ላይ ይህ ችግር አይታይም።

ሲሊንደሩም ይበርደዋል። ጋዙ ከፈሳሽ ወደ ትነት ሲለወጥ ሙቀት ይወስዳል፤ በጠዋት ብርድ ሁለት ምድጃ ባንዴ ሲለኮስ ሲሊንደሩ ላብ ይይዛል፣ ከዚያም አመዳይ፣ እሳቱም ይቀንሳል። ባለቤቱ "አለቀ" ብሎ ይመልሰዋል፤ ሲመዘን ግን ሲሶው ቀርቷል። ሁለት ሲሊንደር ለየምድጃው ለያይታችሁ ግጠሙ፣ ከነፋስ ከልሉት፣ ሌሊት ቤት ውስጥ አታስገቡት፤ አየር ባለው መጠለያ ሥር አሳድሩት። በእሳት ማሞቅ ፈጽሞ አይሞከርም። ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል፤ የሲሊንደሩ ሣጥን ከታች ቀዳዳ ይኑረው። የጋዙን ቱቦ በየሳምንቱ በሳሙና አረፋ ፈትሹ፤ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል። ከሰል የምትጠቀሙ ደግሞ ብርዱ አስገድዷችሁ መስኮትና በር አትዝጉ፤ ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል።

ገዢው በብርድ የሚፈልገው ትኩስ ነገር ነው፤ ግን ትኩስ የወጣው ምግብ በቀዝቃዛ ሰሃን በሁለት ደቂቃ ይቀዘቅዛል። ሰሃኖቹን ምድጃው አጠገብ ደርድሯቸው። ተጋቢኖ በሸክላ ማቅረብ ለዚህ ያህል የሚደርስበት የለም፤ እየተንተከተከ ይደርሳል፣ የሚያየው ሁሉ "ለኔም" ይላል። ሸክላው በመኪና ሲጓዝ እንዳይሰበር በየመሐሉ ጨርቅ አግቡበት። የተዘጋጀ ምግብ ከ60 ዲግሪ በታች ሆኖ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፤ ብርዱ ያቆየዋል ብሎ መተማመን አያዋጣም፣ ድስት ውስጡ ለብ እንዳለ ነው የሚውለው።

የመንገደኛው ገበያ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ የሚቆም መኪና ገዢው ሁለት ነው፦ ተሳፋሪውና ሹፌሩ። አውቶቡሱ የት እንደሚቆም የሚወስነው ሹፌሩ ስለሆነ ለሹፌርና ለረዳቱ ምግብ በነፃ መስጠት የተለመደ ነው፤ ከወጪ ቁጠሩት። ከዚያ በላይ የሚስበው ግን መኪናውን ያለ ችግር የሚያቆምበት ሰፊ ቦታና አጠገቡ ያለ መጸዳጃ ቤት ነው። መጸዳጃ በሌለበት አውቶቡስ አይቆምም።

60 ሰው የያዘ አውቶቡስ 20 ደቂቃ ቢቆም አስቡት። አንድ መጥበሻ አራት እንቁላል ሳንዱች በአራት ደቂቃ ቢያወጣ በ20 ደቂቃ 20 ሳንዱች ብቻ ነው። 40 ሰው አይቶ ተመለሰ። ስለዚህ ለአውቶቡስ የሚሸጠው ቀድሞ የተዘጋጀ ነው፦ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ በካኪ የተጠቀለለ ቆሎ። የምግብ ዓይነት ከአምስት አይብለጥ። ዝርዝሩ ሲበዛ ተሳፋሪው ሲመርጥ ረዳቱ ይጮኻል።

ጣርማ በርን ወርዶ ደብረ ሲና የደረሰ ሰው ጠመዝማዛው አዙሮት ሆዱ ተገልብጦ ነው የሚወርደው። ቅባት ነገር ማየት አይፈልግም። ሎሚ የገባበት ሻይ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝ ይገዛል። ከደሴ በኩል የሚመጣው ግን ገና ዳገቱን ሊጀምር ነው፤ እሱ በደንብ ይበላል። ስለዚህ ደብረ ሲና ላይ አንድ መኪና ዳገቱን ለወረደውም ሊወጣ ላለውም አንድ ዓይነት ነገር ቢያቀርብ ግማሹን ገዢ አላየውም ማለት ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ሌላ ያዛል፦ ቀዝቃዛ ውሃ፣ የፓፓያና የማንጎ ጭማቂ፣ ጥላ። እዚያ መከለያው ከላይ ይሸፈን፣ ጎኑ ይከፈት።

ዋጋ

ዋጋውን ጽፎ መስቀል ምግብ ከማጣፈጥ እኩል ነው። እኛ ዘንድ "ስንት ነው?" ብሎ ጠይቆ ሳይገዙ መሄድ ይሉኝታ ያስይዛል፤ ስለዚህ ያልተጻፈበትን ሰው አይጠይቅም፣ ያልፋል። ፊደሉ አምስት ሳንቲ ሜትር ቁመት ይኑረው፣ ከአምስት ስድስት ሜትር ይነበባል። ዋጋው በዜሮ የሚያልቅ ይሁን፤ 63 ብር ብሎ መጻፍ በየሰዓቱ ዝርዝር መፈለግ ነው።

ስሌቱን ከግብዓት ጀምሩ። ለምሳሌ ለአንድ ሳንዱች እንቁላሉ፣ ዳቦው፣ ሽንኩርትና ቲማቲሙ፣ ዘይቱ፣ ሶፍቱና መጠቅለያው ተደምሮ 40 ብር ቢመጣ፣ 100 ብር ሲሸጥ ግብዓቱ ከዋጋው 40 በመቶ ይሆናል። ከዚያ ካለፈ ጋዙን፣ ውሃውን፣ የቦታውን ክፍያና ደመወዙን አይችልም። በበዓል ሰሞን እንቁላልና ሽንኩርት ሲወደድ ዋጋ ጨምሩ እንጂ ዳቦውን አታሳንሱ። ዋጋ የጨመረ ሻጭ ይማረራል፤ ዳቦ ያሳነሰ ሻጭ ግን አጭበርባሪ ይባላል። የድሮውን ዋጋ በእስክሪብቶ ሰርዞ መጻፍም ይቅር፣ አዲስ አትሙ።

"ለሁለት" እና "ለሦስት" የሚሉ ትሪዎች ጻፉ። ሰው እዚህ ብቻውን መብላት አይወድም፤ ጓደኛውን ይዞ ሲመጣም አንዱ ይከፍላል። ለሁለት የተዘጋጀ ነገር ካለ ምርጫው ይቀላል፣ ከፋዩም ሒሳቡን አስቀድሞ ያውቀዋል። ፋብሪካ በር ላይ የምትቆሙ ዱቤ አይቀርላችሁም። ከሦስት ምግብ እንዳይበልጥ ወስኑ፤ ከዚያ ካለፈ ባለዕዳው በሌላ መንገድ መሄድ ይጀምራል፣ ገንዘቡም ደንበኛውም ይጠፋሉ።

አጠገባችሁ ጀበና የጣለች ሴት ካለች ቡና አትሽጡ። እሷ ያስቀመጠቻቸው ሰዎች እናንተ ጋ ይበላሉ፣ እናንተ ጋ የበሉት እሷ ጋ ይጠጣሉ። ንግድ ፈቃድ፣ የአብሳዮቹ የጤና ምርመራ ወረቀት፣ የቦታና የመኪና ቅርጽ ለውጥ ፈቃድ ደግሞ ብየዳው ከመጀመሩ በፊት ይለቁ። ወረቀቶቹን በመስታወት አድርጎ መስኮቱ አጠገብ መስቀል ለተቆጣጣሪው ብቻ ሳይሆን ለገዢውም ነው።

የት ላይ እንደሚመለሱ ማወቅ

ገዢ ሲጠፋ ሁሉንም ነገር ባንዴ መቀየር አይጠቅምም። አንድ ወረቀት ላይ ሦስት ረድፍ አስምሩ፦ ቆም ብሎ ያየ፣ ጠጋ ብሎ የጠየቀ፣ የገዛ። ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል በሰረዝ ቁጠሩ። የሚያይ በዝቶ የሚጠይቅ ካነሰ ዋጋው አልተጻፈም፣ ወይም መከለያ የለም፣ ወይም መጥበሻው አይታይም። የሚጠይቅ በዝቶ የሚገዛ ካነሰ ዋጋው ከብዷል፣ ወይም "ትንሽ ጠብቅ" በዝቷል፣ ወይም የጾም ዕቃው አጠራጥሯል። የሚገዛው በዝቶ ያው ፊት ካልተመለሰ ነገሩ ከዘይቱ፣ ከጨው ልኬታው ወይም ከሆድ ሕመም ነው፤ የዚያን ዕለት ምግብ ራሳችሁ እስከ ማታ ቆይታችሁ ቅመሱት።

በሳምንት አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና ደግማችሁ ቁጠሩ። ማክሰኞን ከማክሰኞ ጋር፣ ረቡዕን ከረቡዕ ጋር አወዳድሩ። የገበያ ቀንን ከተራ ቀን፣ የጾምን ሳምንት ከፍስክ ሳምንት ጋር ያወዳደረ ሰው ያልተበላሸውን ሲጠግን ይከርማል።